እንቁላል ህዋስ ናት፣ ማህፀን አካል ነው፦ ስለ ሥርዓተ ተዋልዶ የደረሱን ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከሐረርና ከድሬዳዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ላኪዎቻቸው እርስ በርስ ሳይተዋወቁ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተዋል። ጉዳዩም የሰው ልጅ የሚፀነስበትና የሚወለድበት የአካል ሥርዓት ነው። ደብዳቤዎቹን ሐሳባቸውን ሳንለውጥ አሳጥረናቸዋል፤ ስምና አድራሻም አውጥተናል። ይህን ገጽ የማዘጋጀው ድሬዳዋ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ ያስተማርሁ መምህር ነኝና የምመልሰው ስለ አካሉ አደረጃጀትና አሠራር ነው፤ ምርመራውንና ሕክምናውን ለሐኪሙ እተዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሐረር የምማር የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መምህራችን የሴት እንቁላል ህዋስ ናት፣ ማህፀን አካል ነው፣ ሁሉም አንድ ላይ ሥርዓተ ተዋልዶ ይባላሉ ብለው አስተማሩን። በዓይን የማትታይ አንዲት ህዋስና በእጅ የሚያዝ አካል በአንድ ሥርዓት ውስጥ እንዴት ሊቆጠሩ እንደቻሉ፣ በመካከላቸውም ምን እንዳለ አልገባኝም። አያቴን ብጠይቃት «ማህፀን ነው በቃ፣ ሌላ ምን አለው?» አለችኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ ጥያቄሽ ብዙ ተማሪ ሳያስተውለው የሚያልፈውን ክፍተት ነክቷል። በህዋስና በአካል መካከል ያለው ህብረ ህዋስ ይባላል። መማሪያ መጻሕፍት በአንድ መስመር ጠቅሰውት ስለሚያልፉ ተማሪው ለፈተና ሸምድዶ ይረሳዋል እንጂ የሥርዓቱ ምሥጢር ያለው እዚያ ላይ ነው። በመልክና በሥራ የሚመሳሰሉ ህዋሳት ተሰባስበው አንድ ሥራ ሲይዙ ህብረ ህዋስ ይሆናሉ፤ የተለያዩ ህብረ ህዋሳት ተደራርበው ወይም ተጠላልፈው አንድ ቅርጽ ሲይዙ አካል ይሆናሉ፤ አካላቱ ደግሞ ለአንድ ዓላማ ሲተባበሩ ሥርዓት ይባላሉ።

ማህፀንን ራሱን እንውሰድ። ያላረገዘች ሴት ማህፀን ርዝመቱ 7.5 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሐረር ገበያ የተገዛ አንድ ዘይቱን ቀጠን ያለ ጫፉን ወደ ታች አድርገሽ ብትይዢ በመጠኑም በቅርጹም አትርቂም። ዘይቱኑን ለሁለት ብትከፍዪው ልጣጭ፣ ሥጋና ፍሬ ያለበት መሐል እንደምታገኚ ሁሉ ማህፀንም ሦስት ንብርብር አለው፤ ከውጭ ስስ ሸፋኝ፣ በመካከል ወፍራም ጡንቻ፣ ከውስጥ ደግሞ በየወሩ የሚያድግና የሚረግፍ ለስላሳ ሽፋን።

መካከለኛው ጡንቻ እንደ ክንድሽ ጡንቻ በፈቃድ አይታዘዝም። ህዋሳቱ በሁለት ጫፋቸው የሾሉ፣ እርስ በርስ የተጠላለፉ ናቸው። በእርግዝና ጊዜ በቁጥር ከመብዛት ይልቅ እያንዳንዳቸው እየረዘሙና እየወፈሩ ይሄዳሉ፤ በዚህም ምክንያት ቀድሞ 60 ግራም ገደማ ይመዝን የነበረው ማህፀን በመውለጃው ሰሞን፣ ልጁንና የእንግዴ ልጁን የሽርት ውኃውንም ሳይጨምር፣ ወደ 1 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ምጥ የምንለው ይኸው ጡንቻ በየተራ ሲኮማተር ነው። የውስጠኛው ሽፋን ግን ከጡንቻው ጋር ምንም የማይመሳሰል ሌላ ህብረ ህዋስ ነው፤ በእጢዎችና በደም ሥሮች የተሞላ ሲሆን ፅንስ ካልመጣ የላይኛው ክፍሉ ረግፎ የወር አበባ ሆኖ ይወጣል፣ ሥሩ ግን ይቀርና ከዚያው እንደገና ይበቅላል። ሁለቱ ህብረ ህዋሳት ባይጣመሩ ኖሮ ሽፋኑ ፅንሱን ተቀብሎ የሚገፋው አያገኝም፣ ጡንቻውም ቢገፋ የሚገፋው ነገር ባልኖረው ነበር። አካል መባላቸው በዚህ ጥምረት ነው።

እንቁላሏ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ናት፤ ብቻዋን የምትቆም አንዲት ህዋስ ናት። ስፋቷ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ የጤፍ ፍሬ ርዝመት ላይ አስር ያህሉ በተርታ ሊቀመጡ ይችላሉ። ይህች ትንሽ ነጥብ ግን በሰው አካል ውስጥ ካሉት ህዋሳት በይዘታቸው ከትልልቆቹ አንዷ ናት። የወንዱ ዘር ከራሱ እስከ ጅራቱ ጫፍ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው ርዝመቱ ጅራት ነው። ታሪኩም አስገራሚ ነው። የወንዱን ዘር ሌቨንሁክ የተባለው ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1677 በራሱ በሠራው ማጉያ መስተዋት አይቶታል፤ የጡት አጥቢዎችን እንቁላል ግን ካርል ኤርንስት ፎን ቤር በውሻ ውስጥ ያያት በ1827 ነው። በመካከሉ ባለው የመቶ ሃምሳ ዓመት ዘመን፣ ሙሉ ሰው በወንዱ ዘር ውስጥ ተጣጥፎ ይገኛል፣ ሴቲቱ የምትሰጠው ማረፊያውን ብቻ ነው ብለው የሚከራከሩ ሊቃውንት አልጠፉም። እኛም በቋንቋችን የወንዱን «ዘር» እንለዋለን፤ ዘር ካልን ደግሞ ሴቲቱን ሳናስበው እርሻ እያደረግናት ነው። እውነቱ ግን እንቁላሏም ዘር ናት። ሌላው የአካላችን ህዋስ 46 ክሮሞሶም፣ ማለትም የዘር ውርስን የሚሸከሙ ክሮች፣ ሲይዝ እንቁላሏና የወንዱ ዘር እያንዳንዳቸው 23 ብቻ ይይዛሉ፤ ሲዋሐዱ ቁጥሩ ይሞላል።

እንቁላሏ የምትቀመጥበት አካል ኦቫሪ ይባላል፤ ከማህፀን ግራና ቀኝ ያሉ፣ እያንዳንዳቸው ወደ 3 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ናቸው። ኦቫሪ እንቁላልን በየጊዜው አዲስ አይሠራም፤ ሴት ልጅ ገና በእናቷ ሆድ አምስት ወር ሲሆናት በኦቫሪዎቿ ውስጥ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ጅምር እንቁላሎች ይኖራሉ፣ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይቀራሉ፣ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ወደ 300 ወይም 400 ሺህ ያንሳሉ፤ ከእነዚህም በዕድሜዋ ሙሉ በስለው የሚወጡት 400 ገደማ ናቸው። እንግዲህ አያትሽ እናትሽን አርግዘው ሳለ አንቺ የወጣሽባት ጅምር እንቁላል በእናትሽ ኦቫሪ ውስጥ፣ ያም በአያትሽ ማህፀን ውስጥ ነበር። «ማህፀን ነው በቃ» ማለታቸው ለሳይንሱ ባይበቃም፣ አንቺን በሚመለከት ብዙም አልተሳሳቱም።

ከኦቫሪ የወጣችውን እንቁላል ወደ ማህፀን የሚያደርሳት ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቱቦ ነው። ጋብሪዬሌ ፋሎፒዮ የተባለው ጣሊያናዊ የአካል ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1561 ባሳተመው ሥራው ስለገለጸው እስከ ዛሬ በስሙ የፋሎፒያን ቱቦ ይባላል። ብዙ ሰው ይህን ቱቦ ከኦቫሪው ጋር እንደ ውኃ መስመር የተገጠመ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አልተገጠመም። ጫፉ እንደ ጋቢ ዘርፍ የተበተነ ሲሆን እንቁላሏ ስትወጣ ዘርፉ ኦቫሪውን እየዳሰሰ ወደ ውስጥ ይሰበስባታል። ከገባች በኋላም እግር የላት፣ ጅራት የላት፤ የቱቦው የውስጥ ሽፋን ሁለት ዓይነት ህዋሳት ስላሉት አንደኛው ፈሳሽ ሲያመነጭላት ሌላው በላዩ ባሉት ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች ነፋስ እንደመታው የማሽላ ማሳ እየተወዛወዘ ወደ ማህፀን ይገፋታል። ፅንስ የሚጀመረውም በዚያው በቱቦው ሰፊ ክፍል ነው እንጂ በማህፀን ውስጥ አይደለም፤ የተዋሐደችው ህዋስ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እየሆነች ተጉዛ ማህፀኑ ግድግዳ ላይ የምትጣበቀው ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ ነው።

በመጨረሻ «ሥርዓት» ስለሚለው ቃል። ሥርዓት ጉርብትና አይደለም፤ ሥርዓተ ተዋልዶን ከሚያዝዙት መካከል ዋናው ፒቱታሪ የሚባል እጢ ነው፤ መጠኑ አንዲት አተር ያህላል፣ የሚገኘውም በራስ ቅል ውስጥ ከአንጎል ሥር ነው። ከእርሱ የሚላኩት ሆርሞኖች በደም ተጉዘው ኦቫሪን ያነቃሉ፣ ኦቫሪም በበኩሉ ሆርሞን አመንጭቶ ለማህፀን ሽፋን «እደግ» ይላል፣ ለእጢው ደግሞ መልስ ይልካል። አንዲት ሴት በብርቱ ስትከሳ ወይም ሕፃን ስታጠባ የወር አበባዋ የሚቆመው ማህፀኗ ስለታመመ አይደለም፤ ትእዛዙ ከላይ ስለተቋረጠ ነው።

ጥያቄ፦ ሳቢያን የምኖር የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነኝ። ከተጋባን ሦስት ዓመት ቢሞላንም ልጅ አላገኘንም። አማቴ «ማህፀንሽ ብርድ ገብቶበታል» ብለው ቅጠል እያፈሉ በእንፋሎት እንድታጠን ያደርጉኛል። ባለቤቴ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው «እኔ ምን ጎድሎኝ?» ይላል። በወንድነቱ በእርግጥ ምንም አይጎድለውም። ችግሩ የእኔ ብቻ ነው ማለት ነው? የድሬ ሙቀትና የሾፌርነት ሥራውስ ነገር ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ ክብርት ጠያቂያችን፣ አማትዎ ክፉ አስበው አይመስለኝም፤ እርሳቸውም ሲነገራቸው የኖረውን ነው የሚያደርጉት። ነገር ግን ማህፀን በሆድ ውስጥ በአጥንትና በጡንቻ ተከብቦ የተቀመጠ ስለሆነ ሙቀቱ የሰውነት ሙቀት ነው፤ ብርድ የሚገባበት በር የለውም። የሚታጠኑት እንፋሎት ወደ ማህፀን አይደርስም፣ ይልቁንም ስስ የሆነውን የብልት ቆዳ ሊያቃጥል ይችላልና ቢተዉት እመክራለሁ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሙቀትና ቅዝቃዜ ነገር የሚሆንበት አካል አንድ ነው፤ እርሱም የሚገኘው በልጃቸው በኩል ነው፣ የሚፈልገውም ሙቀትን ሳይሆን ቅዝቃዜን ነው።

የወንድ ቆለጥ ከሆድ ውጭ በከረጢት ተንጠልጥሎ መገኘቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የዘር ህዋሳት በደንብ የሚሠሩት ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ዝቅ ባለ ሙቀት ነው። ብርድ ሲሆን ከረጢቱ ይጨማደድና ቆለጡን ወደ ሰውነት ያስጠጋዋል፣ ሙቀት ሲሆን ይለቀውና ይንጠለጠላል፤ ስለዚህ የአገሩ ሙቀት ብቻውን አያሳስብም፤ ድሬዎችም በሚያዝያና በግንቦት ስንዋለድ ነው የኖርነው። ለረዥም ሰዓት ተቀምጦ መንዳት ግን ከረጢቱን በጭኖች መካከል አፍኖ ሙቀቱን ከፍ እንደሚያደርግ በልኬት የታወቀ ነው። ይህ ማለት ሾፌር ሁሉ ልጅ አያገኝም ማለት እንዳልሆነ ብዙ ልጆች ያሏቸው የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ምስክር ናቸው፤ የዘሩ ቁጥር ቀድሞውኑ አነስተኛ ለሆነ ሰው ግን ትንሽ ጭማሪ ሙቀትም ሊከብድ ይችላል። በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ መንቀሳቀስና ጠባብ ሱሪ አለመልበስ ወጪ የሌለው ጥንቃቄ ነው።

አሁን ወደ «እኔ ምን ጎድሎኝ?» እንምጣ፤ ከደብዳቤዎ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ያቆየኝ ይህ ነው። በማስተምርበት ዘመን በየዓመቱ መጋላ ካለ አንድ ሉካንዳ የበግ ቆለጥ ገዝቼ ወደ ክፍል እወስድ ነበር። ባለሉካንዳው «መምህር፣ ዛሬም ለጥብስ ነው?» እያለ ይስቅብኛል፤ ተማሪዎቹም ነጠላ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ሳቃቸውን መግታት አይችሉም። ጠንካራውን ነጭ ሽፋን በምላጭ ስንሰነጥቀው ከውስጥ ቢጫ ቀመስ ለስላሳ ሥጋ ወጣ ይላል፤ ሁሉም እንደ ጉበት አንድ ወጥ ይመስላቸዋል። በመርፌ ጫፍ ጠርዙን ይዤ ቀስ ብዬ ስስበው ግን ሥጋው ክር ይሆናል፤ ከፈትል የቀጠነ፣ እርጥብ፣ ሳይበጠስ የሚሳብ ክር። ያን ጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ያ ሁሉ «ሥጋ» የተጠቀለለ ቱቦ ነው። በአንድ ሰው ቆለጥ ውስጥ ያሉት ቱቦዎች ተቀጣጥለው ቢዘረጉ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይሆናሉ። የወንድ ዘር የሚሠራው በእነዚህ ቱቦዎች ግድግዳ ውስጥ ነው፤ ግንድ ህዋሳቱ ከዳር እየተከፈሉ፣ አሳዳጊ ህዋሳት እየመገቧቸው፣ ደረጃ በደረጃ ወደ መሐል እየቀረቡ ጅራት ያወጣሉ። ይህ ሥራ ሁለት ወር ከሳምንት እስከ ሁለት ወር ተኩል ይፈጃል፤ ከዚያ ኤፒዲዲሚስ በሚባል፣ ተዘርግቶ ቢለካ 6 ሜትር ገደማ በሚሆን፣ ከጀጎል ቀጫጭን መንገዶች ይልቅ በተጠማዘዘ ቱቦ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል እየተጓዙ መዋኘትን ይማራሉ። ብርቱ ትኩሳት ያለበት በሽታ ያለፈበት ወንድ ዘሩ ከሳምንታት በኋላ አንሶ የሚገኘው፣ ድኖም ወደ ቀድሞው ለመመለስ ሦስት ወር ያህል የሚፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

በመርፌ የሳብነው ክርና ክር መካከል ደግሞ በዓይን የማይለዩ ሌሎች ህዋሳት አሉ፤ የሌይዲግ ህዋሳት ይባላሉ፣ ዘርም አይሠሩም። ሥራቸው ቴስቶስትሮን የተባለውን ሆርሞን ማመንጨት ነው፤ ጢም የሚያበቅለው፣ ድምፅ የሚያወፍረው፣ የወሲብ ፍላጎትና ብርታት የሚሰጠው እርሱ ነው። ልብ ይበሉ፤ በአንድ አካል ውስጥ ሁለት ልዩ ልዩ የሥራ ክፍሎች አሉ፣ አንደኛው ሲደክም ሌላኛው ሊበረታ ይችላል። ባለቤትዎ ወንድነቱ ሙሉ መሆኑ የሌይዲግ ህዋሳቱ ደህና መሆናቸውን ያሳያል እንጂ በቱቦዎቹ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ምንም አይናገርም። የሚወጣው ፈሳሽም ማስረጃ አይሆንም፤ አብዛኛው ከሁለት የፈሳሽ ከረጢቶችና ከፕሮስቴት እጢ የሚመጣ ሲሆን የዘሩ ህዋሳት ድርሻ ከመቶ 5 እጅ አይበልጥም፤ አንድም ዘር የሌለበት ፈሳሽ ዘር ካለበት በዓይን አይለይም። ለይቶ የሚያሳየው ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው። የእርስዎን «ችግሩ የእኔ ብቻ ነው?» የሚል ጥያቄ የምመልሰው በዚህ ላይ ቆሜ ነው፤ ልጅ ካጡ ጥንዶች መካከል ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ የወንዱ ወገን ምክንያቱ ራሱ ነው ወይም አብሮ ይገኝበታል።

የወንዱ ምርመራ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ የተሰጠ ናሙና በላብራቶሪ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው መመዘኛ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ዘር ነው፤ ከዚያ በታች መሆኑ መካን ነው የሚያሰኝ አይደለም፣ ሐኪሙ ምርመራውን እንዲደግምና ምክንያቱን እንዲፈልግ ያደርገዋል እንጂ። በእርስዎ በኩል ሐኪሙ የሚጠይቀው እንቁላል በየወሩ ይወጣል ወይ፣ ቱቦዎቹስ ክፍት ናቸው ወይ የሚለውን ነው። ለመጀመሪያው የወር አበባዎን ዑደትና የሆርሞን ምርመራ፣ ለሁለተኛው በማህፀን በር በኩል ቀለም ተጨምሮ የሚነሳ ራጅ ይጠቀማል። በቱቦዎቹ ውስጥ ያሉትን ፀጉር መሰል ነገሮች ከሚያበላሹት ቀዳሚዎቹ ሳይታከሙ የቆዩ ጨብጥና ክላሚዲያ የተባሉት የአባላዘር በሽታዎች ናቸው፤ ክላሚዲያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። አንድ ዓመት ያለ መከላከያ ተሞክሮ ያልተፀነሰ እንደሆነ፣ ሴቲቱ 35 ዓመት ከሞላት ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ፣ ሁለቱም ባንድ ቀን ቢሄዱ ይመከራል። የናንተ ሦስት ዓመት ስለሆነ ቀጠሮውን ከሚቀጥለው የጅቡቲ ጉዞ በፊት አድርጉት።

ጥያቄ፦ ከለገሃሬ ነው የምጽፈው። አራት ሴቶች ልጆች አሉኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን እወዳቸዋለሁ። ዘመዶቼ ግን የባለቤቴ ማህፀን ሴት ብቻ እንደሚይዝ እየነገሩኝ ሌላ አግባ ይሉኛል። እውነት እንዲህ ያለ ማህፀን አለ?

መልስ፦ የለም። ማህፀን የሚመጣለትን ያሳድጋል እንጂ አይመርጥም። እያንዳንዷ እንቁላል ኤክስ የተባለውን ክሮሞሶም ትይዛለች፤ ከእርስዎ ዘር ግን ግማሹ ኤክስ፣ ግማሹ ዋይ ይይዛል። ኤክስ ያለው ቀድሞ ከደረሰ ሴት፣ ዋይ ያለው ከደረሰ ወንድ ይሆናል። ዘመዶችዎ ማህፀን የሚሉት ነገር እንግዲህ በእርስዎ በኩል ነው፤ ያም ቢሆን ጥፋት ሳይሆን ዕጣ ነው። አራት ሴቶች መውለድ አምስተኛውን አይወስነውም፤ ዕድሉ እንደገና ወደ ግማሽ የቀረበ ነው። ሌላ ሚስት ቢያገቡም ይዘው የሚሄዱት ያንኑ ዘር ነው።

ጥያቄ፦ ሐረር የምኖር እናት ነኝ። ከልጄ ትምህርት ቤት የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ሊሰጣቸው መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት መጣልኝ። ጎረቤቶቼ «ያመክናል» ስላሉኝ ፈርቼ እስካሁን አልፈረምኩም። ልጄ ገና 14 ዓመቷ ነው፤ ካንሰር ከእርሷ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ፍርሃትዎ የእናት ነውና አልነቅፈውም፤ ለመልሱ ግን ወደ ህብረ ህዋስ እንመለስ። የማህፀን በር የምንለው ከላይ ለተማሪዋ በዘይቱን የመሰልነው ማህፀን ወደ ታች ጠብቦ ወደ ብልት የሚከፈትበት አንገት ነው። እዚያ ላይ ሁለት ዓይነት ሽፋኖች ይገናኛሉ። ከውጭ በኩል ያለው እንደ አፍ ውስጥ ሽፋን በብዙ ንብርብር የተደራረበ ሲሆን ከውስጥ በኩል ያለው ንፍጥ መሰል ፈሳሽ የሚያመነጭ አንድ ረድፍ ህዋስ ብቻ ነው። ከጉርምስና ጀምሮ ነጠላው ሽፋን ወደ ድርብ እየተለወጠ ስለሚሄድ በመገናኛው ላይ ያሉት ህዋሳት ዘወትር በመለወጥና በመከፋፈል ላይ ናቸው። ሂውማን ፓፒሎማ የተባለው ቫይረስ የሚያጠቃው ይህንን የመገናኛ ቀበቶ ነው፤ የማህፀን በር ካንሰር ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመጣው ከእርሱ ነው፣ ከመቶ ሰባ እጁ ደግሞ ዓይነት 16 እና 18 በሚባሉት ሁለት ዝርያዎች ነው። ቫይረሱ የሚተላለፈው በግንኙነት ሲሆን፣ ከገባ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል፤ ሳይወገድ የቀረው ወደ ካንሰር ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስድበታል።

ልጅዎ በዚህ ዕድሜ የምትከተበው ስለዚህ ነው፤ ክትባቱ የሚጠቅመው ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት ነው እንጂ ከገባ በኋላ አያስወጣውም። በአገራችን 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። በመርፌው ውስጥ ሕያው ቫይረስ የለም፤ ያለው የቫይረሱን የላይ ልባስ የሚመስል ፕሮቲን ነው፣ ሰውነት አይቶት ጠላቱን እንዲያውቅ ብቻ። ኦቫሪን አይነካም፣ እንቁላሎቹንም ሆነ የማህፀኑን ሽፋን አይነካም፤ የሚወጋው ክንድ ላይ ነው፣ ሥራውም ከደም ውስጥ ተከላካዮች ጋር ነው። ማህፀን ቢያመክን የሚያመክነው ያልተደረሰበት ካንሰሩ ነው፤ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ማህፀኑን ማውጣት ወይም የጨረር ሕክምና ይሆናልና።

ስለ ልጅዎ ሲጨነቁ ስለ ራስዎ አልጻፉም። ዕድሜዎ ከ30 እስከ 49 ዓመት ባለው ውስጥ ከሆነ ቅድመ ምርመራው የእርስዎ ተራ ነው። በብዙ ጤና ተቋማት የሚሠራው ዘዴ ከወጥ ቤትዎ የራቀ አይደለም፤ ነርሷ የማህፀን በርን በኮምጣጤ ውስጥ ባለው በዚያው አሲድ፣ ቀጥኖ በተዘጋጀው፣ በጥጥ ታብሳለች፣ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቃም ታያለች። ደህናው ሽፋን እንደነበረው ሮዝ ሆኖ ይቆያል፣ ለካንሰር መንገድ የጀመሩ ህዋሳት ያሉበት ቦታ ግን ይነጣል። ውጤቱ እዚያው ስለሚነገርዎ ለሌላ ቀን ቀጠሮ አያስፈልግዎትም።